ለጋን አጣቢው ወንድሜ

ይድረስ ለወንድሜ ለስለሺ የሻው፣ ካለህበት።

ስለሽዬ፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ባለፈው ጎንበስ ስል ይወጋኛል ብለኸኝ ነበርና አልረሳሁትም። ሐዊስ ደኅና ናት? ልጃችሁ ዮሚፍ ጥርስ አበቀለ ወይስ አሁንም በድዱ ነው የሚስቀው? ያ አገራችሁ ያለው ብርድ ገና ሳይጠነክር ወፍራም ልብስ አዘጋጅታችኋል? እማዬ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቂው ብላኛለች። እህል በደንብ ይበላ እንደሆነም ጠይቂ ብላለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው እኮ ብላት፣ ዕድሜ ሆድ አይሞላም ብላ ዘጋችኝ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ቃል እስከ ዛሬ በየደብዳቤው ለወጉ ያህል ስጽፈው ኖሬያለሁ፤ የአሁኑን ግን መዝኜ ነው የምጽፈው። ደኅና ነን። ልጄ ሊድያ ከፊቴ ተቀምጣ የሒሳብ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው፣ እርሳሱን እያኘከች። ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው፣ አፏማ ካለፈኝ ቆየ።

በስልክ ስትደውል ሁላችንም ደኅና ነን ባዮች ነን። መስመሩ ይቆራረጣል፣ እማዬ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ትጮኽበታለች፣ እኔም ሒሳብህ እንዳያልቅ ብዬ እቸኩላለሁ። ባለፈው ነሐሴ ሦስት ጊዜ ደውለህ ሦስቱንም ጊዜ «ሊድያ ተኝታለች» አልኩህ። አልዋሸሁህም። የተኛችው ግን ሆስፒታል ነበር። አሁን የባለቤቴ የዲማ የአጎት ልጅ ሌንጂሳ ለትምህርት ወደ እናንተ አገር ሊሄድ መሆኑን ስሰማ፣ በእጁ የሚደርስህ ነገር ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። ነገሩን ከሥሩ ካላነሣሁት አይገባህምና ታገሠኝ።

ባለፈው ጥር ሊድያ ውኃ አልጠግብ ስትል፣ ስትከሳ፣ በመጨረሻም ከትምህርት ቤት ተደግፋ ስትመጣ፣ ስኳር ነው ማለታቸውን ታውቃለህ። ቆሽቷ ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር መሥራት አቁሟል፣ ከእንግዲህ በመርፌ እየተሰጣት ትኖራለች አሉን። እማዬ ይህን ስትሰማ ማን አናዷት ነው በዚህ ዕድሜዋ ቆሽቷ ያረረው ብላ መጀመሪያ ዲማን፣ ቀጥላ እኔን፣ ከዚያም የሒሳብ መምህሯን ጠረጠረች። ዲማ ለሁለት ቀን አማቱን ሲሸሽ ባጃጁ ውስጥ ነበር ምሳውን የሚበላው።

መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ይበላሻል ተባልን። እኛ አምባ ስምንት ማን ፍሪጅ አለው? መፍትሔውን ያመጣችው ብኸይታ ናት፤ ገበያ ላይ ከእኔ አጠገብ ከርከዴ፣ ያንን እንደ ሻይ የሚፈላውን ቀይ አበባ፣ የምትሸጠው የመንጌ ሴት፣ ታስታውሳት እንደሆነ። እነሱ ዚር የሚሉትን ውኃ የሚያቀዘቅዘውን ትልቅ የሸክላ ማሰሮ በራሷ ተሸክማ ደጃፌ አወረደችው። አሸዋ ሞላችበት፣ አሸዋውን አራሰች፣ መካከሉ ላይ ትንሽ ማሰሮ ቀበረች። «እታለም፣ መድኃኒት እዚህ ይገባል። አሸዋ ሁልጊዜ ውኃ ይጠጣል። ሊድያ የኔም ልጅ ነው» ብላኝ፣ በዚያ ወንዱን ከሴት በሚያምታታ አማርኛዋ፣ ሻይ እንኳን ሳትጠጣ ሄደች። ብልቃጦቹ እዚያ ውስጥ ከጥር እስከ ሐምሌ ምንም ሳይሆኑ ከረሙ።

መንደሩ ግን ዝም አላለም። አንዱ ከየት ሰምቶ እንደመጣ እንጃ፣ ይህ መድኃኒት ከጀርም ነው የሚሠራው አለ። እማዬ ፈራች። በሽታ የሚያመጣውን ነገር ልጄን ልትወጓት ነው ወይ ብላ መርፌው በወጣ ቁጥር ፊቷን ታዞር ጀመር። ለዚህ ነው በግንቦት አንተን የጠየቅሁህ። የምትሠራው መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ነው ብለኸን ነበርና፣ ከሰማይ በታች ከአንተ የሚቀርብ አዋቂ አልነበረኝም።

አንተም በሰኔ ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ላክህልኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እንዴት አድርገህ ጻፍከው! የሰው አካል ኢንሱሊን የሚሠራበትን ትእዛዝ ሳይንቲስቶቹ ከሰው ዘረ መል ቀድተው በዓይን በማትታይ ባክቴሪያ ውስጥ አስገቡት፤ እሷም የገዛ ራሷ ትእዛዝ መስሏት ለሰው የሚሆነውን ኢንሱሊን ትሠራለች፤ በትልልቅ የብረት ጋን ውስጥ ሙቀት እየተሰጣት፣ ስኳር እየበላች ትራባለች፤ ልክ እንደ እማዬ ጥንስስ ናት ብለህ ነበር። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። አርባ ዓመት ጠላ ስትጠምቅ የኖረች ሴት ጥንስስ ምን እንደሆነ ልንነግራት ነው? ስኳር በልታ የስኳር መድኃኒት የምትወልድ ከሆነች፣ እሾህን በእሾህ ማለት ይህ ነው አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቱ ጠፋ። እንዲያውም ብልቃጧን «ጥንስሷ» ትላት ጀመር።

ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩላትም።

ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እዚያ ገጽ ላይ፣ ከራስጌው፣ ባክቴሪያዋ ሥራዋን ስትጨርስ ተገድላ እንደምትጣል፣ ኢንሱሊኑ ብቻ ተጣርቶ ወደ ብልቃጥ እንደሚገባ፣ ብልቃጡ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር እንደሌለ ጽፈህ ነበር። ከግርጌው ደግሞ የጂኦግራፊ መምህር የነበርኩ ሰው ዛሬ የዚያ ፋብሪካ ጋን አጣቢ ነኝ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ኃላፊ ነው ብላ ለጎረቤት ያወራችውን አታፍርሺባት ብለህ ነበር። እኔም ያንተን ምስጢር ልደብቅ ብዬ ገጹን በሙሉ አጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ሸጎጥኩት። የእማዬን ዓይን ታውቀዋለህ፤ ግማሹን አንብቤ ግማሹን ብዘል ከፊቴ ታነበዋለች። ደግሞስ ስለ ማጣራቱ ባትሰማ ምን ይጎድላታል ብዬ ነበር። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

በነሐሴ መጀመሪያ የዲማ አክስት ባምባሲ ላይ አረፉና ለቅሶ ሄድን። ዘጠኝ ቀን ቆየን። ሊድያ መርፌዋን ራሷ ትወጋለች፣ እማዬ አጠገቧ ናት፣ ምንም አልሰጋሁም። ዝናቡ ደግሞ ያን ሰሞን ሌት ተቀን ይወርድ ነበር፣ ቤቱ በረደ። እማዬ እጇን ወደ ዚሩ ስትከት አሸዋው ቀዘቀዛት። የሚቀጥለውን አንተ ራስህ ልትገምተው ትችላለህ፣ በክረምት ጥንስስ ሲበርዳት ምን ታደርግ እንደነበር አይተህ አድገሃልና። ብልቃጦቹን አወጣቻቸው። በጥጥ ጠቀለለቻቸው። ከምድጃው በላይ፣ እሳቱ በሚያገኘው ቆጥ ላይ አስቀመጠቻቸው። ስትወጣ ስትገባ በእጇ እየዳሰሰች ሞቀሽ ወይ ትላቸው ነበር አሉ።

ከአራት አምስት ቀን በኋላ የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር ሲጋገር አየች። ያኔ እልል ማለት ብቻ ነበር የቀራት ብላኛለች ሊድያ። ጥንስሷ ተነሣች፣ ሥራ ጀመረች ብላ። ልጅቷ መድኃኒቱ መሞቁን፣ መልኩም መለወጡን አይታለች። አያቷ ግን ከደስታዋ ብዛት እንዲህ ስትሆን ምን ትበል? መለኪያ ወረቀቱም አልቆባት ነበርና ስኳሯ ስንት እንደደረሰ አላወቀችም። ዝም ብላ ያንኑ ወጋች።

ከባምባሲ የገባን ዕለት ከበሩ ላይ ሽታው ተቀበለኝ። ማንጎ መሬት ወድቆ ሲበሰብስ የሚሸተውን አትረሳውም። በነሐሴ ማንጎ ከየት መጣ ብዬ ስገባ፣ ሽታው ከልጄ አፍ ነበር። አልጋ ላይ ናት፣ ታስመልሳለች፣ እንደሮጠ ሰው ታለከልካለች። ስጠራት ዓይኗን ገልጣ አየችኝና መልሳ ከደነችው። ዲማ ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ አቅፎ ባጃጁ ውስጥ አስገባት። እማዬ ነጠላዋን እንኳን ሳታነሣ ከኋላ ዘላ ገባች፤ ወደ ዚሩ ሄጄ ብልቃጡን ስፈልግ ግን ባዶ ነበርና፣ ጮኼ ስጠራት ከባጃጁ ወርዳ መጥታ ከቆጡ ላይ አውርዳ ሰጠችኝ። ያኔ ምንም አልጠየቅኋትም። ከአምባ ስምንት እስከ አሶሳ ያለው ጭቃ ያን ቀን ማለቂያ አልነበረውም። ዲማ ሲጨንቀው በኦሮምኛ ነው የሚያወራው፤ መንገዱን ሙሉ ልጄን ልጄን እያለ ነበር የነዳው።

ሆስፒታል ወዲያው ተቀበሉን። በሁለት እጇ የጨው ውኃ ሰቀሉላት፣ አዲስ ኢንሱሊን ጀመሩላት። ሲስተር ሳሚያ የምትባል የመንጌ ልጅ ነበረች ተረኛዋ፣ ከዕድሜዋ በላይ የሰከነች። የኛን ብልቃጥ ተቀበለችኝና ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ አየችው። ግድግዳው ላይ የተጋገረውን በጥፍሯ ጫረችና የት ነበር የተቀመጠው ብላ ጠየቀች። እኔ የቆጡን ነገር በድንጋጤ ዘንግቼ ዚር ውስጥ ልል አፌን ስከፍት፣ እማዬ ከጥግ ተቀምጣበት ከነበረው መሬት ተናገረች።

«እኔ ነኝ። በርዷታል ብዬ እሳት ዳር ያደረግኋት እኔ ነኝ። ጥንስስ ናት ሲሉኝ ጊዜ።»

ማንም አልተቆጣትም። ሲስተር ሳሚያ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ፣ እናቴ መድኃኒቱ ጥንስሱ አይደለም፣ ከጥንስሱ ወጥቶ የተጣራው ነው፣ ነፍስ የለውም፣ ሙቀት ሲያገኘው ይሞታል እንኳን አይባልም፣ ኃይሉን ያጣል አለቻት። ስንቱን ቀን ውኃ ነበር የምትወጋው ማለት ነው። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ግን ያጠፍኩት ገጽ ዓይኔ ላይ ተደቀነ። ሲስተሯ የተናገረችው ቃል በቃል እዚያ ላይ ነበር፣ ባንተ እጅ ጽሑፍ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ቁጭ ብላ ቂጣ ጠየቀች። ቂጣ! ዲማ ከደስታው ብዛት ሰባት ገዝቶ መጣ። ሲስተር ሳሚያ አንዱን ለልጅቷ ፈቅዳ ስድስቱን እኛን አስበላችን። በአምስተኛው ቀን ቤታችን ገባን። እንግዲህ ክፉው ወሬ ይኸው ነው፣ እዚህ ላይ አለቀ። ተንፍስ።

ከዚያ በኋላ ልቤን ያስጨነቀኝ የእማዬ ነገር ነው። ወደ ዚሩ አትቀርብም። ሊድያ መርፌ ስትይዝ ተነሥታ ጓሮ ትወጣለች። እህል አትቀምስም። የመከራትን ሁሉ ገድያት ነበር እኮ እያለች ትመልሳለች። እኔና ዲማ ያላልነው የለም። ያዳነቻት ልጅቷ ራሷ ናት፤ እኔ ሳላዛት፣ ማንም ሳይነግራት። አንድ ጠዋት ጣሳ ይዛ ጓሮ ሄደችና «እማማ፣ አሸዋው ደርቋል» አለቻት። እማዬ አንቺ አጠጪው አለች። ሊድያ እኔ ትምህርት ቤት ልመዘገብ ነው፣ ረፈደብኝ ብላ ጣሳውን እግሯ ሥር አስቀምጣ ሄደች። እማዬ ለረጅም ጊዜ ጣሳውን አየችው። ከዚያ ተነሥታ ውኃ ቀዳች። ዛሬ ዚሩን ከእሷ በቀር የሚነካው የለም። ማለዳና ማታ ታጠጣዋለች፣ እጇን ከታ ቅዝቃዜውን ትለካለች፤ ብኸይታ እንኳን ልታይ ብትመጣ እጅሽን ታጠቢ ትላታለች። ዚሩን ያመጣችውን ሰው!

የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜ መጽሐፍ ቅዱሴን አወጣሁና ሁለተኛውን ገጽ አነበብኩላት። ይቅር በለኝ፣ ምስጢርህን አወጣሁት። ራሷን ብቻ ጥፋተኛ አድርጋ እንድትኖር ልተዋት አልቻልኩም፤ ገጹን ያጠፍኩት እኔ መሆኔን ማወቅ ነበረባት። ከራስጌው ጀምሬ እስከ ግርጌው፣ እንዳትነግሪያት ያልከውን ጭምር አነበብኩት። ስጨርስ እኔ ላይ ትወርድብኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

«ጋን አጣቢ መሆኑን ነው የደበቀኝ?» አለች።

አዎን አልኳት። ከዚያ ጋኑ በደንብ ካልታጠበስ ብላ ጠየቀችኝ። ትንሽ ባዕድ ነገር ከቀረበት ያለው ሁሉ ይደፋል፣ ሌላ ተሕዋስ ገብቶ ያበላሸዋል ብሏል አልኳት። እሱማ ነው አለች፤ ጠላም እኮ የሚበላሸው በጌሾው አይደለም፣ በጋኑ ነው። ስንት ሴት ብቅሏን አሳምራ፣ ጌሾዋን መርጣ፣ ጋኗን አድበስብሳ አጥባ ሰው ፊት አፍራለች አለች። ታስታውሳለህ ስለሽዬ? በጠባቡ አፍ ገብቶ የትልቁን ጋን ሆድ የሚፈትገው አንተ ብቻ ነበርህ። ግማሽ አካልህ ውስጥ ሆኖ ስትዘፍን ድምፅህ እንደ ቄስ ይወፍር ነበር። የሠፈር ልጆች ጋን አጣቢ ብለው ሲሰድቡህ የምትፈትግበትን ግራዋ ወርውረህ የሮጥህ ቀን፣ እማዬ ያን ሰሞን ሳትጠምቅ ቀረች። ሌላ ሰው እንዲያጥብላት አልፈለገችም። ለምን እንደሆነ ለእኔም የነገረችኝ አሁን ነው፤ እንዳንተ የሚያጠራልኝ አልነበረም አለችኝ።

አሁን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ኃላፊ ነው ማለቱን ትታዋለች። የሊድያን መድኃኒት የምትሠራዋን የጥንስሷን ጋን የሚያጥበው ልጄ ነው እያለች በየቡናው ላይ ታወራለች። ለእኔ እንደሚመስለኝ ኃላፊ ሆነህ እንዲህ ኮርታብህ አታውቅም።

ሌንጂሳ የሚያመጣልህን ትንሽ እሽግ ስትፈታ እንዳትስቅ። ከጓሯችን የተቆረጠ፣ ጥላ ላይ የደረቀ ግራዋ ነው። እዚያ በሳሙናና በማሽን ነው የሚያጥቡት፣ ግራዋ አያስገቡትም ብያት ነበር። ሳሙና ሽታ ይተዋል ብላ አሰረችው። ለፋብሪካው ባይሆን ለቤትህ ይሁን።

ዲማ በጣም ናፍቀኸኛል ይልሃል፤ ባጃጁ አዲስ ጎማ ገብቶለታል፣ ስትመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚቀበልህ እሱ ነው። ሊድያ አጎቴ ይፍረድ፣ በቀን አራቴ ምን በላሽ የሚል ሰው ሰላም ይሰጣል ወይ በይልኝ ብላለች፤ እማዬን ማለቷ ነው። ብኸይታ ሰላም ብላሃለች፣ እንደ ልማዷም «ስለሺ ደኅና ናት?» ብላ ነው የጠየቀችህ፣ አትቀየማት። ሐዊን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ዮሚፍን አገላብጠህ ሳምልኝ፣ አክስትህ ናት በለው።

የመጨረሻውን እማዬ እየነገረችኝ ነው የምጽፈው፤ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ ብላኛለች።

«ስለሺ ልጄ፣ ሊድያ ጠዋት ጠዋት ስትወጋ ብልቃጧን አያታለሁ። የዚህችን ጋን ማን አጠበው ይሆን እላለሁ። አንተ ሁን ሌላ አላውቅም። ማንም ይሁን፣ የወለደችው እናት ትባረክ እላለሁ። አንተም ስታጥብ እንደኔው የምትል የሌላ ልጅ አያት እንዳለች አስብና ጥግ ጥጉን አጥራ።»

እህትህ እታለም የሻው
አሶሳ ዙሪያ፣ አምባ ስምንት
ጥቅምት ፲፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.